የአጎት አምብሮዝ ቃል

ጆስሊን ፑዲስተር የድርሰቷን የመጀመሪያ ረቂቅ ስታስረክብ ጥሩ ማርክ እንደምታገኝ አልተጠራጠረችም። የጻፈችው አብሯት ስላደገ ታሪክ ነው። «ሜሪ ጆይስ» የምትባለው ጀልባ የተገለበጠችው እሷ ከመወለዷ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ቢሆንም በዓሣ አጥማጆቹ መንደር በስኬሪ አርም ተወልዶ ያንን ታሪክ ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። ሁለት ሰዎች ባሕር ላይ አድረው ሊያጠምዱ ወጡ፤ ማዕበል ደረሰባቸው። ሲሪል ኪፒንግን ባሕሩ ወሰደው። ሌላው፣ የጆስሊን አያት ወንድም አምብሮዝ፣ በማግስቱ ከተገለበጠችው ጀልባ ሆድ ላይ በሄሊኮፕተር ተነሱ። ሄሊኮፕተሩ ዘግይቶ ነው የመጣው። በጊዜ ቢደርስ ኖሮ ሲሪል ይተርፍ ነበር ይላል የመንደሩ ሰው፤ ጆስሊንም ይህንኑ አሳምራ ጻፈችው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሚስተር ፒትማን ወረቀቱን ሲመልስላት ጠርዙ በቀይ እስክሪብቶ ቀልቷል። በየዓረፍተ ነገሩ ጎን አንድ ጥያቄ ብቻ ሰፍሯል፤ «ማን ነው ያለው?»

«ሚስተር ፒትማን፣ ይሄን እኮ ሁሉም ሰው ያውቀዋል» አለችው ከክፍል በኋላ ቀርታ።

«ሁሉም ሰው የሚባል ምስክር አይቼ አላውቅም። ስም የለው፣ ቤት የለው፣ ተጠርቶ አይጠየቅ።» ከከተማ የመጣ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ከቤተ መጻሕፍት ያስመጣውን የድሮ ጋዜጣ ቅጂ ፊቷ ዘረጋው። «እዚህ ጋ አንብቢ። ሰውየው ጀልባዋ በተገለበጠች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተ ይላል። በጥቂት ደቂቃ ከሞተ፣ ሄሊኮፕተሩ ማታውኑ ቢመጣስ ምን ይፈይድለታል? መከራከሪያሽ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።»

ጆስሊን ጋዜጣው ላይ አጎንብሳ ቆየች። «ጋዜጣውስ? ለሱ ማን ነገረው?»

ሚስተር ፒትማን ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ሳቀ። «አየሽ! እንደሱ ጠይቂ!»

መልሱ ከዓምዱ ግርጌ ነበር፤ «ከአደጋው የተረፉት አምብሮዝ ፑዲስተር ለዘጋቢያችን እንደገለጹት።»

አጎት አምብሮዝ የሚኖሩት ከነጆስሊን ቤት ቀጥሎ ነው። ሚስት አላገቡም። የጆስሊን አባት ወደ ሩቁ አልበርታ ክፍለ ሀገር ለሥራ በሄደ ቁጥር፣ እናቷም በአረጋውያን መጦሪያው ተረኛ በሆነች ቁጥር፣ ልጅቷ እሳቸው ቤት ነው የምትውለው፤ መረብ መጠገንም ካርታ መጫወትም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ የሲሪል ሚስት፣ አክስቴ ቨርና እያለ መንደሩ ሁሉ የሚጠራቸው፣ የጋገሩትን ዳቦ ይዘው ለካርታ ይመጣሉ። ሁለቱ አዛውንቶች እየተበሻሸቁ ሲጫወቱ ለሰማ ጠበኞች ይመስሉታል።

«ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ አለቀበት እንዴ፣ የኔ ዳክዬ?» አሉ አጎት አምብሮዝ እንደ ወትሮው አቆላምጠው፣ የመጣችበትን ስትነግራቸው። «እኔን ማንበብ ጀመራችሁ?»

«አስተማሪው ስም ያለው ሰው ጥቀሺ ብሎኝ ነው፣ አጎቴ።»

«ስምስ አለኝ።» ሻይ ቀዱላት፤ የቆርቆሮ ወተት ጨመሩበት። እሷ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ በጎሪጥ አዩት። «ይሄ ነገር ይሰማል?»

«ይቀዳል።»

«እንግዲያው እንዳልሳደብ።»

ስለ ነፋሱ፣ ሞተሩ ስለጠፋበት ሰዓት፣ ሳይመሽ በሬዲዮ ስላሰሙት ጥሪና በሌላ ወደብ ሰምቶ «እሺ፣ አስተላልፋለሁ» ስላላቸው ድምፅ አወሩላት። ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። ጆስሊን እየሰማች በልቧ ዓረፍተ ነገር ትሰካ ነበር። በመጨረሻ የጋዜጣውን ነገር አነሳችው።

«ጋዜጣው ላይ ሲሪል ወዲያው ሞተ ብለዋል።»

አጎት አምብሮዝ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን እየደጋገሙ ጭናቸው ላይ ጠረጉት፤ እርጥብ የነካ ይመስል።

«ብያለሁ» አሉ። «ቨርና ያኔ ልጅ ነበረች። አንዱን ሕፃን ታቅፋ፣ አንዱን አስከትላ ወደቡ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ስወርድ ሌላ ምንም አላለችኝም፤ 'ተሠቃየ?' ብቻ። ምን ልበላት?»

«እውነቱስ?»

«እውነቱማ፣ እስኪነጋጋ አብሮኝ ነበር። ጀልባዋ ሆድ ላይ ሆነን፣ በገመድ ከወገቤ አስሬው። መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር እንዲያውም። በኋላ ጉልበቱ አለቀ። ሚስቱን ነበር የሚጠራው። ቨርና፣ ቨርና፣ ቨርና። ሰማዩ ነጣ ማለት ሲጀምር ተወ፤ ባሕሩም ከገመዱ ነጥቆ ወሰደው። ሄሊኮፕተሩን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙም አልቆየ።» ስልኩን አዩት። «ይሄኛውን ተይው። ይሄ ለትምህርት ቤት አይሆንም።»

«እሺ፣ አጎቴ።»

እሺ ስትል ከልቧ ነበር። ሁለተኛውን ረቂቅ ያንን ቃል ሳትነካ ጻፈችው። ነፋሱን፣ ሞተሩን፣ የሬዲዮውን ጥሪ፣ እያንዳንዱን በትምህርተ ጥቅስ ከትታ፣ ከኋላው በቅንፍ የተናጋሪውን ስም አስገባች። ሚስተር ፒትማን ወደደው፤ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አነሳ።

«እስከዚህ ድረስ እጄን ይዘሽ አምጥተሽ ልክ በሩ ላይ ለቀቅሽኝ» አላት። «ሄሊኮፕተሩ ዘገየ፤ እሺ፣ አሳይተሽኛል። መዘግየቱ ሰው ገደለ ለማለት ግን ሰውየው በሕይወት እንደነበር ማስረጃ ያስፈልግሻል። ከሌለሽ ይህን አንቀጽ አውጪው፤ ሐሜት ነው።»

ሐሜት! ማስረጃው በኪሷ ነበር፤ ስልኳ ውስጥ። አጎት አምብሮዝ ተይው እንዳሏት ለሚስተር ፒትማን ብትነግረው ምናልባት ሌላ መንገድ ይፈልግላት ነበር። አልነገረችውም። ማን ያነበዋል? አለች ለራሷ፤ እኔና እሱ ነን። ደግሞም እውነት ነው። እውነት መጻፍ ምን ነውር አለበት? ቁጭ ብላ ቀረጻውን እያስቆመች፣ አንድም ቃል ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ ገለበጠችው። ከኋላውም በቅንፍ፣ እንደተማረችው፣ «አምብሮዝ ፑዲስተር፣ ቃለ ምልልስ» ብላ ጻፈች።

ማርኩ በክፍሉ ከፍተኛው ሆነ። እናቷ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አወራች። በዚያው ሰሞን የመንደሩ የታሪክ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሊከበር ነበርና ሚስተር ፒትማን የተመረጡትን የተማሪ ጽሑፎች እዚያ አሰናዳለሁ አለ። ጆስሊን መድረክ ላይ ወጥታ እንድታነብ ሲጠይቃት በደስታ ተቀበለች፤ ያንን ክፍል ዘልዬ አነባለሁ ብላ አሰበች። ሙሉው ጽሑፍ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ያወቀችው አዳራሹ ከሞላ በኋላ ነው።

ቀኑ እሑድ፣ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። ሴቶቹ ጠረጴዛው ላይ ሳንድዊችና የቤሪ ማርማላታ ያለበት ኬክ ደርድረዋል፤ ሕፃናት በወንበሮቹ መሃል ይሯሯጣሉ። አጎት አምብሮዝ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ከሻዩ አጠገብ ከጓደኞቻቸው ጋር ይስቃሉ። ጆስሊን መጀመሪያ ወረቀቱን አየችው፤ ቀጥላ ከወረቀቱ ፊት የቆሙትን አክስቴ ቨርናን። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ በአንድ እጃቸው የኬክ ሳህን ይዘው፣ በሌላው ጣት መስመር በመስመር እየተከተሉ ያነቡ ነበር።

ሮጣ ብትደርስ ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ ብቻ ሄደች። ስትደርስ ጣታቸው መጨረሻው አንቀጽ ላይ ቆሟል።

«ይሄ በቅንፍ ያለው ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉ ዞር ሳይሉ።

«ምንጩ ነው» አለች ጆስሊን። ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። «ማን እንደተናገረው… የሚጻፍበት ነው።»

«አምብሮዝ ፑዲስተር፣ ቃለ ምልልስ» ብለው ጮክ ሳይሉ አነበቡት። ደግመው ከላይ ያለውን አነበቡ። የገዛ ስማቸው ሦስት ጊዜ ተደርድሮ ተጽፏል። ከዚያ አዳራሹን አሻግረው ወደ ሻዩ ጠረጴዛ አዩ። አጎት አምብሮዝም በዚያው ቅጽበት ቀና አሉ፤ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ጠፋ። አክስቴ ቨርና ሳህኑን በቅርቡ ባገኙት ወንበር ላይ አኖሩት፤ ኮታቸውን ከመስቀያው አውርደው ሳይቆልፉ ወጡ።

አጎት አምብሮዝ ወደ ግድግዳው መጡ። መነጽር አልያዙም ነበር።

«አንብቢልኝ» አሏት።

አነበበችላቸው። የገዛ ራሳቸው ቃል ስለሆነ የቱ ጋ ምን እንደሚመጣ ቀድመው ያውቁታል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል» አሉ። «አንድም ነገር አልጨመርሽበትም።» ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ያን ቀን መድረክ ላይ አልወጣችም።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ይቅርታ ልትላቸው ገባች። ምድጃው ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ተይው ብዬሽ ነበር፣ የኔ ዳክዬ።»

«ያለሱ መከራከሪያው አይቆምም ነበር፣ አጎቴ። ፒትማን ብቻ የሚያነበው መስሎኝ…»

በሩ ተንኳኳ። መንኳኳቱ ሁለቱንም አስደነገጣቸው፤ በዚያ መንደር በር አንኳክቶ የሚገባ እንግዳ ብቻ ነው። አክስቴ ቨርና ነበሩ። ገብተው ደፉ ላይ ቆሙ።

«እውነት ነው?» አሉ።

«ግቢ እንጂ ቨርና፤ ብርድ ታስገቢያለሽ።»

«አምብሮዝ፣ እውነት ነው ወይ አልኩህ።»

«እውነት ነው።»

«እስኪነጋ?»

«ሊነጋ ሲል ድረስ።»

«ምን ይል ነበር? ስሜን ብቻ ነው?»

አጎት አምብሮዝ ምድጃው ውስጥ ያለውን እሳት አዩ። «ስለ ጓዳችሁ በር አንስቶ ነበር። እንዲህ የሚያጣብቀው እርጥበቱ ነው፣ በግድ እንዳትስበው በልልኝ አለ። ስመለስ ጠርዙን በመላጊያ እልግላታለሁ አለ።»

አክስቴ ቨርና የወንበሩን መደገፊያ ጨብጠው ቀስ ብለው ተቀመጡ። አላለቀሱም። ሲናገሩ ድምፃቸው ገበያ የዋለበትን ቀን እንደሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

«እኔ እኮ ያን ሌሊት ተኝቼ ነበር። ልታድሩ ነው የወጣችሁት፤ አደጋውን ማን ነገረኝ? ልጆቹም በጊዜ ተኙልኝ። ጠዋት ስነሳ፣ እንዴት ያለ ደስ የሚል እንቅልፍ ነው የተኛሁት ብዬ ነበር። ትዝ ይለኛል፣ መስኮቱን ከፍቼ እንደሱ አልኩ። እሱ እየጠራኝ እኔ ተኝቼ።»

«ቨርና…»

«ፈጥኖ ሞተ ስትለኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ቢያንስ አልተሠቃየም ብዬ። ማታ ማታ፣ ከዚያን ቀን እስከ ትናንትና። አሁን ያን ሁሉ ምስጋና የት ላድርገው?»

«እንዳትሠቃዪ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ይሄን አጥቼው መሰለህ?» ተነሱ። «ግን አንተ የሱን ሞት ብቻህን ይዘኸው ኖርክ፤ እኔ ደግሞ የሌላ ሰው ሞት ሳለቅስ ኖርኩ።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ጆስሊን ዞሩ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

«አንቺ ልጅ፣ እሱን ጠይቀሽ ጻፍሽ። ደግ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ነው የምኖረው። እንዴት እኔን ሳትጠይቂ?»

ጆስሊን እሳቸው ሲወጡ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ሚስተር ፒትማን ነገሩን ከሌላ ሰው ሰምቶ ኖሮ በምሳ ሰዓት ወረቀቱን ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ ራሱ ሄዶ አወረደው። ጆስሊን ተይው መባሏን ስትነግረው ወረቀቱን ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሐሜት ነው ስላሉኝ።»

ፊቱ ቀላ። «ማን ነው ያለው እያልኩ ስወተውትሽ ከረምኩ» አላት። «ሰውየው ጻፊው ብሏል ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም።» ይህን ማለቱ ደግነት ነበር፤ ሸክሙን ግን አላቀለለላትም። ወደ ክፍለ ሀገሩ ውድድር የላከውንም ጽሑፍ አስመለሰ። ይሁንና ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያው ሳምንት በየኩሽናው፣ በየጀልባው የሚወራው ይኸው ሆነ።

አክስቴ ቨርና ሐሙስ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። አጎት አምብሮዝ ካርታውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩታል፤ ሲመሽ መልሰው ያስገቡታል። ጆስሊን ልጫወትዎ ስትላቸው «አንቺ ማታለል አታውቂበትም፤ ከቨርና ጋር ነው የሚጥመው» ይሉና ይተኛሉ። ቂም አልያዙባትም። ሻይም ይቀዱላታል፤ የኔ ዳክዬም ይሏታል። ወሬያቸው ግን አጠረ። በመስኮት ከመንገዱ ማዶ የሚበራውን መብራት ያያሉ።

ክረምቱ ሲከር ደረታቸውን አመማቸው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አሉ፤ ከዚያ መተንፈስ ሲያቅታቸው ወደ ከተማው ሆስፒታል ተወሰዱ። ጆስሊን ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ሄደች። እናቷ ሐኪሙን ልታነጋግር ስትወጣ አጎት አምብሮዝ በእጃቸው ጠሯት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «ስልክሽን ግን ከኪስሽ አታውጪ።»

«አላወጣም፣ አጎቴ።»

«ቨርና ባትሰማው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ላንቺ ከነገርኩሽ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል። ከዚያ በፊት ሌሊት ሌሊት ድምፁ ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ አሁን አልሰማውም። ወደሷ የሄደ ይመስለኛል።» ዓይናቸው ሞላ። «እሷ ነቅታ እኔ መተኛቴ፣ ይሄ ደግ ነገር ነው?»

ጆስሊን እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። የሚያጽናና ቃል ፈልጋ ነበር፤ የመጣላት ሁሉ ውሸት መሰላት።

ወደቡን የዘጋው በረዶ ሳይለቅ ሞቱ። ቀብሩ ላይ መንደሩ ሁሉ ወጣ። አክስቴ ቨርናም መጡ፤ ዘወትር በሚቀመጡበት ወንበር ተቀምጠው መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ዘመሩ። ሬሳው ወደ መቃብር ሲወጣ ግን አልተከተሉም። ጆስሊን ከሰዉ ኋላ ቀርታ አየቻቸው፤ ጥቁር ሻርፓቸውን አጥብቀው፣ ቁልቁል ወደ ቤታቸው፣ ማንንም ሳያዩ ሄዱ።

በጸደይ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር እነጆስሊን ቤት መጣ። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ቀረብ ብሎ እንዲቀመጥላቸው ለመንግሥት አቤት ሊሉ ነው፤ የአምብሮዝን ቃል ከማስረጃው ጋር ማያያዝ ይፈልጋሉ። «እንደሱ ያለ የዓይን ምስክር የለንም» አላት። «ጽሑፍሽን ስጪን። ልጆቻችን አሁንም ይወጣሉ፤ ታውቂያለሽ።»

«የሚጠየቅ ሰው አለ» አለችው።

መንገዱን ለመሻገር ድፍረት ያገኘችው ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። አክስቴ ቨርና ደጃፋቸው ላይ ድንች ለመትከል አፈር ይቆፍሩ ነበር። ቀና ብለው አዩዋት፤ መቆፈሪያውን ግን አልጣሉም። ጆስሊን የመጣችበትን ቆማ ነገረቻቸው፤ ማኅበሩ ምን እንደጠየቀ፣ የትኛው ክፍል እንደሚገባ፣ ማን ማን እንደሚያነበው፣ እሳቸው እንቢ ካሉም ወረቀቱ ከቤት እንደማይወጣ። አንዳች አላስቀረችም።

አክስቴ ቨርና ከመቆፈሪያው ላይ አፈር አራገፉ።

«የትልቁ ልጄ ልጅ ዘንድሮ ከአባቱ ጋር ጀመረ፤ ባሕር» አሉ። «እንቢ ብዬ እሱ አንድ ነገር ቢሆንስ? ስጪያቸው። ስሜን ግን አውጪው። ሚስቱን ጠራ በይ፤ ይበቃል።»

«እሺ፣ አክስቴ።»

«ደግሞ በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ እንዳትመጪብኝ። ልጅ ነሽ፤ ክፉ አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ግን ሳይሽ ድምፁ ይመጣብኛል።»

ጆስሊን ቤቷ ገብታ ስማቸውን አወጣችው። ወረቀቱ ሄደ፤ «እንመለከተዋለን» የሚል መልስ መጣ፤ ሄሊኮፕተሩ ግን ጆስሊን ለዩኒቨርሲቲ ወደ ሴንት ጆንስ እስክትሄድ ድረስ ካለበት አልተነቃነቀም። የአጎት አምብሮዝን ጀልባ የጎረቤት ወደብ ሰው ገዛት። ቤቱ ተቆለፈ። በበጋው ሁሉ ከአክስቴ ቨርና ጋር ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ ጆስሊን «ደህና ዋሉ» ትላለች፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ሁለቱም የያዙትን ይዘው በየፊናቸው ይወጣሉ።